ሥራ ላይ ነው

ሰኔ 9

ይህን ደብተር የገዛሁት ለሥራ ነበር። የሥራውን ነገር ሁሉ ኮምፒውተሩ ስለሚይዘው ባዶውን ጠረጴዛዬ ላይ ተጋድሞ ሲያፈጥብኝ ከረመ። እንግዲህ ለብሶት ይሁን ብያለሁ።

የዛሬው ብሶት ቴክኒሻኖቹ ናቸው። በወንዙ ዳር የተተከሉትን የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሣጥኖች የሚጠግኑት እነሱ ናቸው፤ ዛሬ ተሰብስበው መጡብኝ። እያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ትንሽ ኮምፒውተር አለ። የውሃውን ከፍታ የሚለካውም፣ ሳይረኑን የሚያስጮኸውም እሱ ነው። በርቶ ሲነሣ የኔ ፕሮግራም ሞጁሎቹን ወደ ከርነሉ ያስገባል። ከርነል የማሽኑ ልብ ነው፤ ሞጁል ደግሞ ያ ልብ አንድን ዕቃ፣ ለምሳሌ ሳይረኑን፣ እንዲያውቀው የሚያደርግ ቁራጭ ፕሮግራም። ሞጁሉ በሰላም ከገባ ከርነሉ ዜሮ ይመልሳል። እምቢ ካለ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ይመልሳል፤ እኔም ቁጥሩን እንዳለ ስክሪኑ ላይ አወጣዋለሁ።

«ማይነስ አሥራ ዘጠኝ ብሎ ነገር ምንድነው?» አለኝ አንዱ። «የሙቀት መጠን መስሎኝ ብርድ ልብስ ላለብሰው ነበር።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ሆዴ ግን ቅር አለው። መሣሪያው የለም ማለት ነው፤ ሰነዱ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ሰነዱን ገልጦ የሚያይ ግን የለም።

ሰኔ 12

ሥራ አስኪያጁ ቁጥሮቹ በሙሉ አማርኛ እንዲሆኑ አዘዘ። ለዓርብ ይድረስ አለ። እሱ ዘንድ ሁሉም ነገር ለዓርብ ነው።

ዜሮን አጠገቤ አስቀምጬ ከሰዓቱን ሙሉ ስንተረጉም ዋልን። ዜሮ የሥራ ባልደረባዬ ነው። እውነተኛ ስሙ አይደለም፤ «እንዴት ነህ?» ሲሉት «ዜሮ» ብሎ ስለሚመልስ ነው። በኛ ሙያ ዜሮ ደህና ማለት ነዋ። እናቱ ስትደውልለት እንዲህ ብሎ መልሶላት ሐኪም ቤት ልትወስደው ነበር ይላል። ይዋሽ አይዋሽ እንጃ።

ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን «ዝግጁ»። ማይነስ አሥራ ዘጠኝ፣ «መሣሪያው የለም»። ማይነስ አሥራ ሰባት፣ «ቀድሞ ገብቷል»። ማይነስ አሥራ ስድስት ላይ ተከራከርን። ዕቃውን ሌላ ፕሮግራም ይዞታል፣ ስለዚህ አይሰጥህም ለማለት ነው። ዜሮ «ተጠምዷል» ይሁን አለ። ወንዝ ዳር ቦምብ የተቀበረ ታስመስለዋለህ ብዬ ሳቅሁበት። «ተይዟል» አለ። ምን ሰርቆ ይሉሃል አልኩት። ስክሪኑ ጠባብ ስለሆነ ቃሉ አጭርና ጨዋ መሆን አለበት። ሰው ስልክ ተደውሎለት ሲጣደፍ የሚለውን አሰብኩና «ሥራ ላይ ነው» አልኩ። ዜሮ «ቆንጆ አማርኛ» ብሎ ጻፈው። ከዚያ ወደሚቀጥለው ቁጥር አለፍን።

ባለቤቴ ራት ቀርቧል ብሎ ደጋግሞ ደወለ። ሥራ ላይ ነኝ አልኩት። ቤት ስደርስ ሳህኔን በሌላ ሳህን ከድኖ ተኝቷል። አስተማሪ ስለሆነ በጠዋት ነው የሚነሣው።

ሰኔ 20

አዲሱ ፕሮግራም በሁሉም ጣቢያዎች ገባ። አማርኛ ብቻ አይደለም፤ ማሽኑ ቶሎ እንዲነሣም አድርጌዋለሁ። ድሮ ሞጁሎቹ በተራ ነበር የሚገቡት፣ አሁን ጎን ለጎን ይገባሉ። ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ ላይ አመሰገነኝ። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ።

የታችኛው ጣቢያ ጠባቂም ደወሉ። አባባ ነው የምላቸው። በየማታው እየደወሉ የስክሪኑን ጽሑፍ ማንበብ ሥራቸው ነው፤ እስከ ዛሬ ቁጥር ሲያነቡልኝ የሎተሪ ዕጣ የወጣ ይመስል ነበር።

«አሁንስ እንደ ጋዜጣ አነበብኩት» አሉ። «መለኪያ ዝግጁ፣ ሳይረን ዝግጁ ይላል። እኔም ዝግጁ ነኝ ብለሽ ጻፊልኝ።»

ድምፃቸው ሁልጊዜ ከወንዝ ማዶ ሰው የሚጠሩ ያህል ነው። ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ነው የማዳምጣቸው። ማዶ ማዶውን እየተጣሩ ስላደጉ ይሆናል።

ሐምሌ 3

ዝናቡ መላቀቂያ የለውም። መብራት ይሄዳል ይመጣል። ለሌላ ወንዝ ሌላ ዓይነት መለኪያ ታዟል፤ ሥራ አስኪያጁን ብትጠይቀው ትናንት ማለቅ ነበረበት። ምሳ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ራትም እዚያው።

ባለቤቴ ትራሱን ወደ ሳሎን ወሰደ። ስለማንኮራፋ ነው። ሲደክመኝ አንኮራፋለሁ፣ አውቃለሁ።

ሐምሌ 8

በሩጫ። አዲሱ መለኪያ ይገባል፣ ከዚያ ማሽኑ ድርቅ ይላል። ለምን እንደሆነ ፈጣሪ ይወቅ። አባባ ደወሉ፣ ስለ ስክሪኑ አንድ ነገር ሊሉኝ፤ «ልጄ፣ ዛሬ መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ» ብለው ጀመሩ። ሥራ ላይ ነኝ አባባ፣ መልሼ እደውልልዎታለሁ አልኳቸው። «ሥራ ላይ ነሽ? በርቺ፣ በርቺ የኔ ልጅ» ብለው ዘጉ። ነገ እደውላለሁ።

ሐምሌ 9

ሌሊት ወንዙ ሞልቶ ወጣ። የታችኛው ጣቢያ ሳይረን አልጮኸም። አባባ አልተገኙም።

አልደወልኩም።

ሐምሌ 11

ተገኙ። ከድልድዩ በታች ነው ያገኟቸው። ዛሬ አልጽፍም።

ሐምሌ 13

ቦታው ድረስ የሄደው ቴክኒሻን ከአባባ ሚስት የሰማውን ነገረን። ያ ስለ ብርድ ልብስ የቀለደው ነው። ሲናገር ወለል ወለሉን እያየ ነበር።

የአባባ ቤት ከጣቢያው አጥር ጋር የተያያዘ ነው። ሌሊት የውሃውን ድምፅ ሰምተው ተነሡና ጣቢያው ገብተው ሳይረኑን በእጅ የሚያስጮኸውን ቀዩን ቁልፍ ተጫኑ። ሳይረኑ ዝም አለ። ደጋግመው ተጫኑት። ከዚያ ትተውት ወደ ታች ሮጡ፤ ቤት ለቤት በር እየደበደቡ እየጮሁ። ያ ድምፃቸው። ሰው ሁሉ ልጁን ታቅፎ፣ ሽማግሌውን ደግፎ ዳገቱ ላይ ወጣ። አባባን ውሃው የደረሰባቸው መጨረሻው ቤት በር ላይ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ሰው አልነበረም። ባለቤቶቹ ቀድመው ወጥተው ኖሯል። እሳቸው ግን በምን ያውቃሉ፣ እየደበደቡ ነበር።

ከሰዓት በኋላ በኮሪደሩ ሳልፍ ሥራ አስኪያጁ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። «ሽማግሌው ቦታውን ጥሎ ሄዷል» ይላል። «ቢቀመጥ ኖሮ በእጅ ያስጮኸው ነበር።» ገብቼ መናገር ነበረብኝ፤ ምን እንደምናገር ግን ገና አላወቅሁም። ሣጥኑን አምጥተውልኛል። ጭቃውን በጥርስ ብሩሽ እያጸዳሁ አመሸሁ።

ሐምሌ 15

አገኘሁት።

ሣጥኑ ከወርክሾፕ ሲወጣ ሳይረኑን ለመሞከር የምንጠቀምበት የፍተሻ ሞጁል አለ። መሰረዝ ነበረበት፣ ሳይሰረዝ ቀርቷል። ድሮ ምንም አልነበረም፤ ሞጁሎቹ በተራ ሲገቡ የሳይረኑ ይቀድማል፣ ፈታሹ ደጅ ይቀራል። እኔ ግን ቶሎ ይነሣ ብዬ ጎን ለጎን አስገባኋቸው። ከዚያ ወዲህ ማን ይቅደም ማን የዕድል ነገር ሆነ። ያን ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ ፈታሹ ቀደመና ሳይረኑን ያዘው። የሳይረኑ ሞጁል ልግባ ሲል ከርነሉ ማይነስ አሥራ ስድስት መለሰ። ቀዩ ቁልፍም ትእዛዙን የሚያደርሰው በዚያው ባልገባው ሞጁል በኩል ነው። አባባ እስኪነጋ ቢጫኑትም አይጮኽም ነበር።

ይህን ሁሉ በኮምፒውተሬ ላይ ካየሁ በኋላ የሣጥኑን ስክሪን አበራሁት። የማይነስ አሥራ ስድስትን ቃል እንደሚል አውቄ ነው ያበራሁት። መለኪያ ዝግጁ፣ ሳይረን ሥራ ላይ ነው ይላል። እንደጠበቅሁት ነው ብዬ ልዘጋው ስል እጄ ቆመ። እንደ ሰው አነበብኩት። ሳይረኑ ሥራ ላይ ነው።

ወንበሩን በእጄ ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ዜሮ መጣና አነበበ። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። «ተይዟል ይሁን ብዬሽ ነበር» አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ 16

ሌሎቹ ጣቢያዎች ጋ ስደውል ዋልኩ። ሁለቱ ላይ ሳይረኑ «ሥራ ላይ ነው»። አንደኛው ጠባቂ እንዲያውም «ከዝግጁ አድጎ ሥራ ጀምሯል» አለኝ በኩራት። ቴክኒሻኑም ቀደም ብሎ አይቶት፣ እንዳይነካ ብሎ ነው የሄደው።

ፈታሹ ከሁሉም ላይ ተሰረዘ። ሞጁሎቹ ወደ ተራቸው ተመለሱ። ቃሉንም ቀየርኩት፦ «አልሠራም። ሌላ ይዞታል። ሰው ይጠሩ።» ዜሮ ጠባቡ ስክሪን ላይ አይገባም አለ። በሁለት መስመር ገባ። ያን ጊዜም በሁለት መስመር ይገባ ነበር።

ሐምሌ 17

ባለቤቴ እህቱ ቤት ሄደ። ቤቷን ቀለም እየቀባች ስለሆነ ሊያግዛት ነው። ለአንድ ሳምንት። መጽሐፎቹንና ካውያውን ይዞ ሄደ። ቀለም ለመቀባት ካውያ ምን ያደርጋል ብዬ ያሰብኩት በኋላ ነው። እህቱ ካውያ የላትም ይሆናል።

ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ «አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር» አለኝ። ቆይ አንዴ አልኩት፣ ዓይኔን ከኮምፒውተሩ ሳላነሣ። ትንሽ ቆየ። ቀና ስል በሩ ተዘግቷል።

ሐምሌ 19

ከራሴ ጋር ተኳርፌ ከረምኩ። ዛሬ ቢሮ የምታጸዳውን ሴትዮ ጠየቅኋት፤ አንድ ማሽን ሥራ ላይ ነው ቢልሽ ምን ትረጃለሽ?

«ይሠራል ማለት ነዋ» አለችኝ። «ሌላ ምን ይሆናል?»

በሩ ላይ ያለውን ዘበኛ ጠየቅሁት። ይሠራል አለ። ከቤቴ በታች ያለውን ጫማ ሰፊ ጠየቅሁት። መርፌውን ከአፉ አውጥቶ፣ ይሠራል፣ ምነው ተበላሸብሽ እንዴ አለኝ። ሥራ ላይ ነው ማለት አይመችም፣ አትንካው፣ ሌላ ጊዜ ሞክር ማለት የሚሆነው እንደኛ ላለ ሰው ብቻ ነው። ሰው በደወለ ቁጥር ያንኑ እየመለስኩ ከርሜ ሌላ ትርጉም እንዳለው ረሳሁት። ያን ቀን ከወንበሬ ተነሥቼ አንድ ሰው፣ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ብጠይቅ ምን ነበረበት። ጆሮዬን ማነው የደፈነው።

ሐምሌ 22

ለሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝ።

«ይሄ እንግዲህ የቃል ጉዳይ ነው» አለ።

«ሰው የሞተበት ቃል ነው።»

«ማነው የተረጎመው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ቆርጦሽ ራስሽን ትከሻለሽ?»

ሪፖርቱ እየተጻፈ ነው አለኝ፤ ከታች የኔም ፊርማ ያስፈልጋል፣ ያው የሙያው ሰው ስለሆንኩ። ስወጣ በሩን ራሱ ከፈተልኝ። እንዲህ ያደረገበትን ቀን አላስታውስም።

ሐምሌ 27

እንቅልፍ የለም። ስተኛ የሚሰማኝ «በርቺ፣ በርቺ የኔ ልጅ» የሚለው ነው። መልሼ እደውላለሁ ያልኩት ሰው ስንት ይሆን? ሁሉንም ላስታውስ ሞከርኩ፣ ደከመኝ።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። አሁን ባንኮራፋም የሚሰማ የለም። ሳምንቱ አልፏል፤ ቀለም በዝናብ ቶሎ አይደርቅም።

ነሐሴ 2

ሪፖርቱን ሰጡኝ። ማይነስ አሥራ ስድስት የሚባል ነገር የለበትም። «ጊዜያዊ የሲስተም መዘግየት» ይላል። ከሥሩ፦ «ጠባቂው የጥበቃ ቦታውን ለቆ በመሄዱ ሳይረኑን በእጅ ማስጮኽ ሳይቻል ቀርቷል።»

የመጀመሪያውን እንኳ ተዉት አልኩ። እኔ ነኝ ብላችሁ ስሜን ጻፉበት። ይቺን ሁለተኛዋን ግን አውጧት፤ በእጅ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ቁልፉ የሞተ ነበር።

«እሱ ሞቷል» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ በደግነት ማለት ይቻላል። «አይጎዳውም።»

«ሚስታቸውስ?»

«አንቺ ገና ብዙ ሥራ አለብሽ። ፈርሚና ወደ ሥራሽ ተመለሽ።»

አልፈረምኩም። ጀግንነት አይደለም፤ እስክሪብቶውን አንሥቼ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። ከምሳ በኋላ የበሩን ካርድ አስረክቢ ተባልኩ። ዜሮ ፈርሟል። ልጆች አሉት፣ አልፈርድበትም። ትንሽ ግን ፈርጄበታለሁ። ቦርሳዬን እስከ በሩ ይዞልኝ መጣ። እንዴት ነህ አልኩት እንደ ልማዴ። «እንጃ» አለኝ።

ዝናብ ነበር። አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠልዬ ባለቤቴ ጋ ደወልኩ። አንድ ሰው ይስማኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። ሥራ ለቀቅሁ ልለው፣ ና ወደ ቤት ልለው። ቶሎ አነሣው።

«ሥራ ላይ ነኝ» አለኝ። «መልሼ እደውልልሻለሁ።»

ትምህርት ቤት እኮ ተዘግቷል። ቀለሙ አላለቀ ይሆናል። ዝናቡ እስኪያባራ ስልኩን በእጄ እንደያዝኩ ቆምኩ፤ አልደወለም።

ነሐሴ 6

ዛሬ የአባባ ባለቤት ዘንድ ሄድኩ። ሥራ ላይ ሆኜ አንድም ቀን ያን ጣቢያ አይቼው አላውቅም። ካሰብኩት ያንሳል፤ ከሽቦ አጥር ውስጥ ያለ አንድ ክፍል ነው። የሳቸው ቤት ዳገቱ ላይ፣ ከኋላው ነው። ከታች ያሉት ቤቶች ግድግዳ ላይ ጭቃው የደረሰበት መስመር ከቁመቴ በላይ ነው።

እማማ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው «ስልኳ ልጅ!» ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። ያ እጅ እስካሁን ይቆጠቁጠኛል። አስቀመጡኝና የመጣሁበትን ሳልዞር ነገርኳቸው። ባለቤትዎ ቦታቸውን ጥለው አልሄዱም፣ ቢቀመጡም ሳይረኑ አይጮኽም ነበር፣ ጥፋቱ የኛ ነው፣ ቃሉም የኔ ነው አልኳቸው።

«እሱማ ጥሎ እንደማይሄድ እኔ አጥቼው ነው?» አሉ። «ተጻፈ ወይ ነው ጥያቄው።»

«ጥሎ ሄደ ተብሎ ነው የተጻፈው እማማ። እኔ አልፈረምኩበትም።»

«አንቺ ባትፈርሚ ሊቀር ነው?»

አይቀርም አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቁጣ እንኳ አልነበረበትም። ልሄድ ስል የቀረውም አፌ ላይ መጣ። ያን ማታ ደውለውልኝ ነበር፣ የሚሉትን ሳልሰማ አቋረጥኳቸው አልኳቸው።

«አውቃለሁ፣ ነግሮኛል» አሉ እማማ። «መብራት ከመጣ ወዲህ ዝግጁ የሚለው ጽሑፍ ተቀየረብኝ እያለ ሲብሰለሰል ነበር። ዛሬ እዚያው ጣቢያው ውስጥ ቁጭ ብዬ ወንዙን ሳይ ልደር ብሎ ካፖርቱን ሁሉ ለብሶ ነበር። አንቺን ካናገረ በኋላ ግን ልቡ መለስ አለለት፤ አውልቆ ሰቀለው።»

ፈገግ አሉ፣ አባባን ፊት ለፊታቸው እያዩ እንደሆነ ሁሉ።

«'ልጅቷም ሥራ ላይ ናት፣ ማሽኑም ሥራ ላይ ነው፤ እኛ እንተኛ' አለኝ።»

ካፖርቱ እስካሁን በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ደረቅ ነው፤ ውሃው እዚያ ቤት አልደረሰም።